ከማኅበሩ እርሻ የወጡት የት ደረሱ?

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዳርቻ፣ ዌስት ሮክስበሪ በተባለው ሰፈር፣ ብሩክ ፋርም የሚባል መስክ ይገኛል። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ሣርና ዛፍ ነው። ማኅበርተኞቹ ከኖሩባቸው ቤቶች አንድም አልቀረም። ከእነርሱ በኋላ ቦታው የጦር ሰፈር፣ ቀጥሎም የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሆኖ ነበር።

ማኅበሩን በ1841 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የመሠረቱት ክህነቱን የተወው ጆርጅ ሪፕሊና ባለቤቱ ሶፊያ ናቸው። የተማረውም እንዲያርስ፣ አራሹም እንዲማር፣ የሴቷ የሥራ ዋጋ ከወንዱ እንዳያንስ አሰቡ። እናቶች ሥራ ሲውሉ ሕፃናቱ የሚጠበቁበት መዋያም ነበራቸው። ልጇን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ፋብሪካ የምትሮጥ እናት የዚህን ዋጋ ታውቀዋለች! በአጠባ ቀን ወንዶቹ ልብስ ይጨምቁና ያሰጡ ነበር፤ ማታ በጭፈራው መካከል የልብስ መቆንጠጫ ከኪሳቸው ይወድቅ ነበር ይባላል።

በ1846 ገና በመሠራት ላይ የነበረው ትልቁ ሕንጻ ተቃጠለ። ኢንሹራንስ አልነበረውም። በ1847 ማኅበሩ ፈረሰ።

ከወጡት ወንዶች ብዙዎቹ ስመ ጥር ሆኑ። ፍግ ሲዝቅ ሰልችቶት በዚያው በ1841 የሄደው ናትናኤል ሆቶርን ታላቅ ደራሲ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው አይዛክ ሄከር በ1858 የጳውሎሳውያንን የካቶሊክ ካህናት ማኅበር መሠረተ። ቻርልስ ዴና ከ1868 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1897፣ የኒው ዮርክ ሰን ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር።

ሶፊያስ? በእርሻው ሳለች ታስተምር፣ ታጥብ፣ ትተኩስ ነበር። ከዚያ ከወጣች በኋላም ኒው ዮርክ ሄዳ ማስተማሯን ቀጠለች፤ ባሏ በጋዜጣ እየጻፈ የማኅበሩን 17,445 ዶላር ዕዳ ይከፍል ነበር። መጻሕፍቱን እንኳ ሸጧል። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1862 ነው፤ እርሷ ግን በ1861 ዐርፋለች። የወንዶቹን ሹመትና ዝና የሚቈጥሩ ጸሐፊዎች ይህን ከክንዋኔ አለመቍጠራቸው ያስገርመኛል።

ሌላዋ ሜሪያን ድዋይት ናት። ቆብና የመብራት ጥላ እየሠራች ቦስተን ትሸጥ ነበር፤ ሴት የራሷ ገቢ ሲኖራት ከሰው እጅ ጠባቂነት እንደምትወጣ ለወዳጆቿ ጽፋለች። በማኅበሩ ውስጥ አግብታ፣ ሲፈርስ ከባሏ ጋር ወጣች። ደብዳቤዎቿ በ1928 በመጽሐፍ ታተሙ። ማን ሳህን እንዳጠበ፣ ማን እንደ ታመመ፣ እሳቱ በተነሣበት ሌሊት ማን ቡና እንዳፈላ የምናነበው በእነርሱ ነው።