የማን ልጅ ነሽ?

አያቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እናቴን ትክ ብላ እያየች «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ትላት ነበር። እናቴ ትነግራታለች፤ ቡናው እስኪፈላ አያቴ ደግማ ትጠይቃለች። ጎረቤቱ «ጃጅተው ነው» ብሎ ያልፋል። እኔም የመርሳት በሽታ ከሽበት ጋር አብሮ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ለካ ፈለጉ በወጣትነትም ይታያል። በሰውነታችን ኮሌስትሮልን የሚያመላልስ ፕሮቲን የሚሠራ አፖ-ኢ የሚባል ጂን አለ። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ ኢ4፣ አልዛይመር ለተባለው የመርሳት በሽታ የመጋለጥን ዕድል እንደሚጨምር የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። በ2009 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከ20 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን ጤነኛ ወጣቶች አንጎል በኤምአርአይ አዩ። ኢ4 ባላቸውና በሌላቸው መካከል የማስታወስ ችሎታ ልዩነት አልነበረም። ግን ኢ4 ባላቸው ላይ፣ ትዝታን የሚያኖረው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በማስታወስ ፈተና ጊዜ ይበልጥ ይሠራ ነበር። ሁለት ሰው አንድ ዳገት እኩል ወጥቶ አንዱን ብቻ ላብ እንደሚያጠምቀው በሉት።

ይኸው ጂን ሴትና ወንድን በአንድ ዓይን አያይም። በ2017 ወደ 58 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ የፈተሸ ጥናት ታትሞ ነበር። አንድ ኢ4 የወረሱ ሴቶችና ወንዶች ከ55 እስከ 85 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲታዩ በአልዛይመር የመያዝ አደጋቸው ተቀራራቢ ሆነ፤ ከ65 እስከ 75 ባለው ግን የሴቶቹ በልጦ ተገኘ። ከተጠርጣሪዎቹ ምክንያቶች አንዱ የወር አበባ ሲቋረጥ የሚቀንሰው ኢስትሮጅን ነው።

እኔና ወንድሜ ያንኑ ጂን ወርሰን ይሆናል። አንድ ተመራማሪ የእሱንና የእኔን አንጎል ደባልቆ አማካይ ቢያወጣ፣ ውጤቱ የወንድሜም የእኔም አይሆንም። ስለዚህ የሃያ ዓመት ወጣቶች ሲጠኑም ሴቱን ለብቻ፣ ወንዱን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ጂን ግን ፍርድ አይደለም። ኢ4 ኖሯቸው ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙ ናቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ የሚሆነውን ልንቀንሳቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች ጋር አያይዞታል፤ የደም ግፊት፣ የመስማት ችግር፣ የትምህርት ማነስ...

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። የአያቴ ወንድሞች ቄስ ትምህርት ቤት ሲላኩ እሷ ውኃ ትቀዳ ነበር። ፊደል ሳትቆጥር አለፈች። የሴትና የወንድ ልዩነት የምንለው ሁሉ ከደም የመጣ አይደለም፤ የተወሰነውን እኛው በእጃችን ሠርተነዋል።

ጂን «የማን ልጅ ነሽ?» ለሚለው መልስ አለው። «ምን ከለከሉሽ?» ለሚለው ግን መልስ የሚጠበቀው ከእኛ ነው።