የትኛው 3060?

ዛሬ ጠዋት ኢንቦክስ የገባልኝን ስክሪንሾት ካየሁ ጀምሮ ሥራ እምቢ ብሎኛል። ልጁን ከኮሜንት ታውቁታላችሁ፤ ሎጎና የሠርግ ጥሪ ካርድ እየሠራ ለግራፊክስ ካርድ ሲያጠራቅም የከረመው ነው። የቱን ይግዛ ብለን እዚሁ ገጽ ላይ ስንከራከር አምሽተን፣ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ይሁን ብለን ነበር የተለያየነው። ትናንት ገዛ። ማታ ገጠመ። ጠዋት ጂፒዩ-ዚ ከፍቶ ፎቶውን ላከልኝ፦ ሜሞሪ 8 ጊጋ፣ ባስ 128 ቢት። ከሥሩ «ብሮ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው?» ብሎ ጽፏል።

ኧረ በፍጹም ልክ አይደለም!

ፌክ ቢሆን እንኳ እንዲህ ባልተቃጠልኩ። ያረጀ ቺፕ ባዮሱን ቀይረው «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው» እያሉ የሚሸጡትን ታውቃላችሁ። ጂፒዩ-ዚ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይለጥፍበታል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የልጁ ካርድ ግን ኦሪጅናል ነው። 3060 ብሎ የሰየመው ራሱ ኤንቪዲያ ነው።

በ2021 መጀመሪያ የወጣው 3060 ሜሞሪው 12 ጊጋ፣ ባሱ 192 ቢት ነው፤ በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያመላልሳል። በ2022 መገባደጃ ላይ ሌላ 3060 መጣ፦ 8 ጊጋ፣ 128 ቢት፣ 240 ጊጋባይት። ከሦስቱም ላይ ሲሶው ተነሥቷል። ስሙ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልተነካችም።

የመጀመሪያቸውም አይደለም። በ2016 የወጡት ሁለቱ ጂቲኤክስ 1060ዎች በሜሞሪ ብቻ የሚለያዩ ይመስሉ ነበር፤ ባለ 3 ጊጋው ግን ኮሩም ከ1280 ወደ 1152 ወርዷል። የጂቲ 1030ው ይብሳል። በ2018 ሜሞሪውን በዲዲአር4 ተክተው፣ በሰከንድ 48 ጊጋባይት የነበረውን ወደ 17 እንኳ ወደማይሞላ አወረዱትና በዚያው ስም ሸጡት። ኤኤምዲም ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ ከቻይና የሚመጣው «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» በኮር ብዛት አርኤክስ 570 ነው።

ሳያውቁ ነው እንዳትሉኝ። በ2022 መስከረም ላይ ኤንቪዲያ ሁለት አርቲኤክስ 4080 አስተዋወቀ፤ አንዱ 16 ጊጋ፣ አንዱ 12። ሁለቱ ቺፓቸውም ሌላ ሌላ ነው። ባለ 12ቱ 899 ዶላር ተባለ። ዓለም ጮኸ። ጥቅምት ላይ ኩባንያው ስሙ ልክ እንዳልነበረ ገልጾ ካርዱን ሳይሸጥ ሰረዘው፤ በጥር 2023 4070 ቲአይ ብሎ በ799 ዶላር መለሰው። እንግዲህ ስም መሳሳቱን አምኖ በሰረዘበት በዚያው ሰሞን ነው 8 ጊጋውን 3060 ገበያ ያስገባው! ያ ግን አልተሰረዘም። 899 ዶላር መክፈል የሚችለው ሰው ተጮኸለትና ከስሙ ማታለል ዳነ፤ ለወራት አጠራቅሞ አንዲት ካርድ የሚገዛው ራሱን እንዲጠብቅ ተተወ።

ልጁ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ጠብቆ ሄዷል። መልሱን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ይቺ ዓረፍተ ነገር! በየደረሰኙ ግርጌ፣ በየባንኮኒው መስታወት ላይ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁን ግን ባንኮኒ ላይ ለጥፎ ያየሁት ሱቅ የለም።

እዚህ ላይ እማዬን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ልጆች ሆነን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ምጣዱ በአንድ ጎኑ ይግላል፣ በሌላው በረዶ ነው፤ እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቶ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። በላዳ ጭና መለሰችው። ሻጩ የደረሰኙን ግርጌ በጣቱ እያሳየ «ማዘር፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አላት። እማዬ ቃል አልመለሰችም። ምጣዱን እዚያው ትታ ቤት መጣች፣ ሊጥ በጀሪካን ቀዳች፣ ማሰሻውንና ሰፌዱን እኔን አሸክማ ተመለሰች። ሱቁ ውስጥ፣ መሞከሪያ ሶኬቱ ላይ ሰክታ መጋገር ጀመረች! የመጀመሪያዋን እንጀራ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና «ልጄ፣ እስቲ ቅመሳት» አለችው። ለሌላ ዕቃ የገቡት ሁሉ ከብበው ያያሉ። አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው ሊጡን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ውይ!» ብለው ወጡ። ሁለተኛዋን ማዞር ስትጀምር ብሩ ተቆጥሮ እጇ ገባ። እንጀራዋን ለሻጩ ተወችለት። ዛሬም ስትተርከው በሳቅ ነው የምትፈርሰው፣ እኛም አብረን።

ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው። አትጨቃጨቅ፤ ኮምፒውተርህን ተሸክመህ ሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ጂፒዩ-ዚን ክፈትለት፣ ሰው ባለበት ሰዓት። ከመግዛቱ በፊት ቴሌግራም ላይ «12 ጊጋ ነው አይደል?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» የተባለበት መልእክት አለው። እንጀራው እሱ ነው።

ስለ አፕግሬድ በየቀኑ ለምትጠይቁኝ አንድ ላይ ልመልስ። የካርዱን ስም አታስቀድሙ፤ ፓወር ሰፕላያችሁንና ሞኒተራችሁን አስቀድሙ። ብዙዎቻችን ያለን ከውጭ አገር ቢሮ ወጥቶ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን የኃይል ገመድ የለም፤ ካርዱ የሚያገኘው ከማዘርቦርዱ ስሎት 75 ዋት ብቻ ነው። 3060 ደግሞ 170 ዋት ይፈልጋል። ለእነዚህ ማሽኖች የሚሆነው ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ጂቲኤክስ 1650 ወይም 70 ዋት የሚበላው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ነው። ባለ 8 ጊጋው 3050 ግን 130 ዋት ነው፣ ያለ ገመድ አይነሣም። አያችሁ፣ እዚህም ያው ስም! ኬዛችሁ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሎው ፕሮፋይል መሆኑን ሳታረጋግጡ እጃችሁን ኪሳችሁ አታስገቡ።

ደህና ፓወር ሰፕላይ ላላችሁና ሞኒተራችሁ 1080 ለሆነ፣ ለጌም ብቻ ከሆነ አርኤክስ 6600 ይበቃችኋል፤ 8 ጊጋ፣ 132 ዋት። ከጌሙ ጎን ብሌንደር ለምትሠሩ 12 ጊጋው 3060 ይሻላል፤ ልጁን ያንን ግዛ ያልነውም ለዚሁ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ተዉት። 4 ጊጋ ብቻ ነው፣ ከማዘርቦርዱም ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ነው፤ ማዘርቦርዳችሁ የድሮው ትውልድ ከሆነ በግልጽ ይጎተታል። የኢንቴል ቢ580 12 ጊጋ ይዞ በ249 ዶላር መውጣቱ ደስ ይላል፣ ግን አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ አሮጌ ላይ ገጥማችሁ ካርዱን አትውቀሱት።

ጂቲኤክስ 1060 ላይ ያላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ኤንቪዲያ በጥቅምት 2025 ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር ለዚያ ትውልድ አቁሟል፤ ሬይ ትሬሲንግ የግድ የሚሉ እንደ ኢንዲያና ጆንስ ያሉ ጌሞችም አይከፈቱላችሁም። ለጂቲኤ 5 ግን ካርዱ ዛሬም ጎበዝ ነው። ጌማችሁ እየሠራ ከሆነ ሰው ገዛ ብላችሁ አትግዙ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር ሁላችንም አይተናል፤ ተሳስቶ የመግዛት ዋጋም አብሮ ነው የጨመረው።

ሻጮችም ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ወዳጆቼ ናችሁ። «3060 ኦሪጅናል» ብላችሁ አትለጥፉ። ሜሞሪውንና ባሱን ጻፉ፤ አንድ መስመር ነው።

ገዢዎች፣ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት የካርዱ ሲሪያልና ጂፒዩ-ዚው በአንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ ጠይቁ። አልልክም ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።