የክረምት ጫጩቶች

በግንቦት መጨረሻ እናቴ "ዝናቡ ሳይገባ የዶሮዎቹን ክትባት አምጣልኝ" አለችኝ። "እሺ እማዬ፣ ነገ" አልኳት። በዚያ ሳምንት የወጣቶች ጉባኤ ነበረን፤ ትምህርቱን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጉዳይ መጣ። ያዘጋጀሁት ትምህርት በትንሹ ስለ መታመን እንደ ነበር ስነግራችሁ አፍራለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። አካባቢውን የምታውቁ ክረምቱንም ታውቁታላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገለጥም፤ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። እናቴ በዚህ ብርድ ውስጥ 19 የሐበሻ ዶሮዎች ነበሯት። ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ጉትያ ያለውም አለ። ከሁሉ የምትወዳቸው ግን ገብስማዎቹን ነበር። ስትዳር ከእናቷ ቤት ካመጣቻቸው ነገሮች አንዷ ገብስማ ቄብ ነበረች፤ እነዚህ የዚያች ዘር ናቸው።

ፈንግል ዝናቡን ተከትሎ ይመጣል። በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት የአንዱ አውራ ዶሮ አንገት ተጠመዘዘ። ቀጥሎ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ከዚያም አፍ ከፍቶ መተንፈስ መጣ። በስምንት ቀን ውስጥ 16 ዶሮ ቀበርን። የቀሩት አንዲት ያረጀች ገብስማ፣ አንዲት ቀይ እና አንድ ወጣት አውራ ዶሮ ብቻ ነበሩ። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ግን ዓይን ውስጥ የምትንጠባጠብ አንዲት ጠብታ ናት። እናቴ "ነግሬህ ነበር" አላለችኝም። እሱ ነው የከበደኝ።

ጓደኞቼ "ምን ያስጨንቅሃል? የፈረንጅ ዶሮ ግዛላት" አሉኝ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ብትጥል ነው፤ ለእንቁላል ተብላ የተመረጠችው የፈረንጅ ዶሮ ግን በደንብ ከተያዘች ከ280 በላይ ትጥላለች። ነገር ግን ብዙ እንድትጥል ሲመርጧት መታቀፍን እንድትተው አድርገዋታል። ከእሷ ጫጩት የሚፈልግ ሰው ማሽንና መብራት ያስፈልገዋል። የእኛዋ 12 ወይም 15 እንቁላል ጥላ ራሷ ትቀመጣለች። ደግሞም ዘሩ እስካለ ድረስ ማሻሻል ይቻላል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሆሮን ዶሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጡ ሲያረቡ እንቁላሏም ክብደቷም ጨምሯል። ዘሩ ከጠፋ ግን የሚሻሻል ነገር የለም።

ስለዚህ ዘሩን ላተርፍ ተነሣሁ። ግን ቸኮልኩ። በደሌን በአንድ ጊዜ ደምስሼ እናቴን ማስደነቅ ፈለግሁ። ከሁለቱ ዶሮዎች 11 እንቁላል ለእናቴ ሳልነግር አጠራቀምኩ። ከተማ ባለው ቤቴ ካርቶን ውስጥ አምፖል ሰቀልኩ፣ የውሃ ሳህን አስቀመጥኩ፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር 37.5 ዲግሪ ላይ አደረስኩ። በቀን ሦስት ጊዜ እንቁላሎቹን አገላብጥ ነበር። በሰባተኛው ቀን በስልኬ መብራት ሳያቸው ቀያይ ደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። ደስታዬን ለማን ልንገር?

በ12ኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። እኔ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ነቅቼ ካርቶኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ ጎኑም የሞቀ ውሃ በጠርሙስ አኖርኩ። መብራቱ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እንደ ገና ሳያቸው ድሩ የለም፤ ውስጡ ጥቁር ሆኗል። ከ11ዱ አንድም አልተረፈም።

እማዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ክትባቱን ለምን እንዳላመጣሁ፣ እንቁላሉን ተደብቄ እንደ ወሰድኩ፣ እንዴት እንዳጠፋሁት። እሳት እያነደደች ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "እኔ የሞቱትን ቆጥሬ ከጨረስኩ ቆየሁ። አንተ ገና ትቆጥራለህ። ይልቅ ቀይዋ ልትቀመጥ ነው፤ ደረቅ ጭድ ፈልግልኝ።"

ጎረቤታችን እትዬ ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበር እንቁላሏን ለገበያ አላወጣችውም። ፈንግል የእሷንም ቤት መትቶ ነበር፤ ከቀሯት አራት ዶሮዎች አንዷ ከዓመታት በፊት እናቴ የሰጠቻት ገብስማ ዘር ናት። ከዚያች ሰባት እንቁላል ሰጠችን። ከእኛዋ ገብስማ ከተገኙት አምስቱ ጋር 12 ሆኑ። እናቴ በከሰል ምልክት አድርጋባቸው ነሐሴ 3 ቀን ቀይዋን በምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት።

እናቴ "የክረምት ጫጩት ከባድ ነው" ብላኝ ነበር። አገሬው በዚህ ወቅት ዶሮ ማስታቀፍ አይወድም፤ ብርዱና እርጥበቱ ጫጩቱን ይጨርሰዋል። የእኔ ሥራ በየማታው መጥቶ የረጠበውን ጭድ አውጥቶ በእሳት ዳር የደረቀውን መተካት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በጭቃው አርባ ደቂቃ እሄዳለሁ። አንድ ሌሊት ጣሪያው በትክክል ከቅርጫቱ በላይ ማፍሰስ ጀመረ። ያን ቀን እዚያ ባላድር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን እንተርታለን። ከዚያ በፊት ስላሉት 21 ሌሊቶች ግን አናወራም። ቀይዋ በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ወዲያው ትመለሳለች። ከሳች። አንድ ማታ እጄን ከሥሯ ሳስገባ ነከሰችኝ፤ ግን የደረቷ ላባ እንደ ረገፈ አገኘሁ። ቆዳዋ ራሱ እንቁላሉን እንዲነካ ላባዋን ትታለች። ጌታችን በኢየሩሳሌም ላይ ሲያዝን ራሱን በእናት ዶሮ መመሰሉን ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። በትምህርቴ የነበረው ክንፍ ብቻ ነበር። ስለ ተራቆተው ደረት አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 24 ቀን ስምንት ጫጩቶች ወጡ። ሁለቱ እንቁላሎች መጀመሪያውኑ ባዶ ነበሩ፤ ሁለቱ ጫጩቶች ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ቀሩ።

በሳምንቱ ክትባቱን በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ይዤ መጣሁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከእኛ ጫጩቶች ቀጥሎ በየጎረቤቱ ዞርኩ። አንዲት እናት የቀረቻትን አንዲት ዶሮ አቅፋ ስትሰጠኝ "በግንቦት ብትመጣ ኖሮ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። መልስ አልነበረኝም። ጠብታዋን አድርጌ ዶሮዋን መለስኩላት።

ከስምንቱ አንዱ በውሃ ሳህን ውስጥ ሰጠመ፤ ከዚያ በኋላ ሳህኑን በጠጠር ሞላነው። አንዱን ብርድ ገደለው። አንዱን ፀሐይ በወጣችበት በመጀመሪያው ቀን ጭልፊት ወሰደው። አምስት ቀሩ። መስከረም ሲያልቅ የሁለቱ ላባ ገብስማ መሆኑ ታየ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ "የእናቴ ናቸው" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ወዳጆቼ፣ 16 ሞተው አምስት ተተኩ። ሒሳቡ እኩል አይመጣም፤ እኩል መጣ ብዬ አልዋሻችሁም። እናቴ ይቅር ያለችኝ አንድም ጫጩት ሳይፈለፈል፣ እሳት እያነደደች ነው። ይቅርታዋን ካገኘሁ በኋላ ግን በየማታው ጭድ መለወጥ ነበረብኝ። ሁለቱን አታምታቱ። ይቅር ለመባል የምትሠሩ ከሆነ እንደ እኔ ካርቶን ትቸኩላላችሁ፣ ትደብቃላችሁም። ይቅር ስለ ተባላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ጭቃው ውስጥ መመላለሱ ይቻላችኋል።

ምናልባት እናንተም "ነገ" ያላችሁት ነገር አለ። ያልደወላችሁለት ታማሚ፣ ያልመለሳችሁት ገንዘብ፣ እናታችሁ ሁለት ጊዜ የጠየቀቻችሁ ትንሽ ሥራ። ፈንግሉ ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ ሄዳችሁ ንገሩ። ካልገባም ጠብታዋ ዛሬም ትንሽ ናት።

እኔ ገና አልተፈወስኩም። እናቴ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ "ነገ" የሚለው ቃል አሁንም አፌ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ዝም ብዬ ጫማዬን መፈለግ እጀምራለሁ።