የአባቱን ስም ያልጠየቀ ድራይቨር

በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለጤና ተቋማት የመረጃ ስክሪን በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ስክሪኖቹ ለታካሚዎች የጤና ትምህርት ያሳያሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ባለሙያ ትምህርቱን በምልክት ቋንቋ ታስተረጉማለች። ከአንድ ሆስፒታል ቅሬታ መጣና ሄድኩ። ተረኛዋ ሲስተር ስክሪኑ ፊት አቁማኝ፣ «ወንድሜ፣ እጆቿን ብቻ እይልኝ» አለችኝ። ትዕይንቱ ተቀይሮ ጥቂት እንደቆየ፣ ካለፈው ትዕይንት የተቆረጡ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች በአስተርጓሚዋ ጣቶች ላይ ተለጠፉ። እጇ ሲንቀሳቀስ አብረው ይጎተታሉ። ለሚሰማ ሰው ድምፁ አለለት፤ መስማት ለተሳነው ግን ጣቷ ሲበላሽ ቃሉ ይጠፋል። «የምስል ጥራት ችግር ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

ቢሮ ተመልሼ ያንኑ ፋይል ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ሶፍትዌር ከፈትኩት፤ ምስሉ ንጹሕ ነው። ኬብሉም ስክሪኑም ተቀየሩ፣ ችግሩ አልጠፋም። የቀረው ቦርዱ ላይ ያለው የቪዲዮ ዲኮደር ቺፕና እሱን የሚያዘው የሊኑክስ ድራይቨር ነበር።

ቪዲዮው የታመቀው በኤች.264 ነው፤ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን እስካሁን በሰፊው ይሠራበታል። በዚህ አሠራር አብዛኛው ፍሬም ሙሉ ምስል አይዝም። «ይህን 16 በ16 ፒክስል ከዚያኛው ፍሬም ውሰድ፣ ይህን ያህል ወደ ግራ ግፋው፣ ይህን ልዩነት ጨምርበት» የሚል ትእዛዝ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንድ ፍሬም ስክሪን ላይ ታይቶ ቢያልፍም ሥራው አላለቀም፤ የሚጠቅሱት ፍሬሞች እስኪያልፉ ሜሞሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ደረጃው እስከ 16 ማጣቀሻ ፍሬሞችን ይፈቅዳል። በ1920 በ1080 ጥራት እያንዳንዱ ፍሬም ሦስት ሜጋባይት ያህል ይወስዳል።

የኛ ቺፕ ያለፈውን የማያስታውስ ዓይነት ነበር። ፋይሉን የሚያነበው የተጠቃሚው ፕሮግራም ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍሬም «ማጣቀሻዎቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ በጊዜ ማኅተማቸው፣ በናኖሰከንድ፣ ይዘረዝርለታል። ይህ አሠራር ለኤች.264 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በይፋ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 5.11 ነው። የድራይቨሩ ድርሻ ከማኅተሙ ተነሥቶ ትክክለኛውን በፈር፣ ማለትም ፍሬሙ የተቀመጠበትን የሜሞሪ ቦታ፣ ማግኘትና አድራሻውን በቺፑ ላይ መጻፍ ነው።

ድራይቨሩ ማጣቀሻዎቹን በሚመዘግብበት ሰንጠረዥ ላይ የሚያስቀምጠውን ሁሉ እንዲያሳየኝ ኮዱ ውስጥ የሎግ መስመር ጨመርኩ፤ ማኅተም፣ ተራ ቁጥር፣ አድራሻ። ከዚያ ምስሉ የተበላሸበትን ፍሬም ይዤ ወደ ኋላ መውጣት ጀመርኩ። ስህተቱ የሚታይበትና የሚሠራበት ቦታ የተለያየ ነው፤ የተበላሸ ፍሬም ለሌላው ማጣቀሻ ይሆናል፣ ያም ለሌላው ያወርሰዋል። የመጀመሪያው ጋ ስደርስ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን አየሁ። የሁለቱም ተራ ቁጥር 8 ነው። ማኅተማቸው ይለያያል፤ አድራሻቸው ግን አንድ ነው።

ያ ተራ ቁጥር ፍሬሞች የሚታዩበትን ቅደም ተከተል የሚናገር ነው። ችግሩ፣ አይዲአር የሚባለው አዲስ መነሻ ፍሬም በመጣ ቁጥር ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ድራይቨሩ ግን ፍሬሞችን የሚለየው በዚሁ ቁጥር ብቻ ነበር። ያለፈው ትዕይንት 8 ከሰንጠረዡ ሳይሰረዝ የአዲሱ ትዕይንት 8 ሲመጣ፣ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ የድሮውን አድራሻ እንዳለ ይተወዋል። አበበ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ የአባቱን ስም ሳይጠይቁ በር መክፈት እንደማለት ነው። ቺፑም የተሰጠውን አድራሻ አምኖ ከዚያ ይቀዳል፤ በአስተርጓሚዋ ጣቶች ላይ የሚለጠፈው ያ ነው። በመሞከሪያ ፋይሎቻችን ላይ ያልታየውም አይዲአር የሚመጣው መጀመሪያቸው ላይ ብቻ ስለነበር ነው። የሆስፒታሉ ቪዲዮ ግን ትዕይንቱ በየጥቂት ሰከንዱ ይቀየራል፤ በተቀየረ ቁጥርም አዲስ አይዲአር ይመጣል።

ማስተካከያው አጭር ነበር። በየፍሬሙ መጀመሪያ የሰንጠረዡን ቦታዎች ሁሉ «አይሠራም» ብሎ ምልክት ማድረግ፤ ከዚያ በማኅተም ማመሳሰል፤ ማኅተሙ የገጠመው ቦታውን ሳይለቅ ይቀጥላል፣ ያልገጠመው ባዶ ቦታ ይፈለግለታል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ኮዱን ሲያይ፣ «ማጣቀሻው ከነአካቴው ባይገኝስ?» አለኝ። ጥያቄው ትልቅ ነበር። የነበረው ኮድ ያኔ ዜሮ አድራሻ ይጽፋል፤ ቺፑ ወደ ዜሮ ሲሄድ የሜሞሪው ጠባቂ ያግደዋል፣ ዲኮደሩም ይቆማል። ሌሎች የሊኑክስ ድራይቨሮች እንደሚያደርጉት በዜሮው ምትክ እየተፈታ ያለው ፍሬም ራሱ የሚጻፍበትን በፈር አድራሻ አስገባን። ፍሬሙ ላይም የስህተት ምልክት እንዲደረግበት አደረግን፤ የተጎዳ ምስል ደህና መስሎ እንዲያልፍ አልፈለግንም።

ከዚያ የደረጃውን ማረጋገጫ ቪዲዮዎች በቦርዱ ላይ አስኬድን። እያንዳንዱ ፍሬም ከታወቀው ኤምዲ5 ድምር ጋር ይነጻጸራል፤ አንድ ቢት ቢለይ ፈተናውን ይወድቃል። ዓይን የሚያታልለውን ድምሩ አያልፈውም። ቪዲዮዎቹ ፈተናውን ሲያልፉ የሆስፒታሉን ፋይል ደጋግመን አጫወትን፤ ጣቶቿ ጥርት ብለው ታዩ።

ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ደረጃዎች ላይ ሠርቻለሁ። ቪፒ9 ስምንት የማጣቀሻ ቦታዎች አሉት፤ አንድ ፍሬም ከመካከላቸው እስከ ሦስት ይጠቅሳል። ኤቪ1ም ስምንት ቦታዎች አሉት፤ በእሱ ግን አንድ ፍሬም እስከ ሰባት መጥቀስ ይችላል። ጥቅሱ በበዛ ቁጥር፣ የተምታታ አንድ አድራሻ የሚያበላሸው ምስል ይበዛል። ስለዚህ አዲስ ባለሙያ ከእኔ ጋር ድራይቨር መሥራት ሲጀምር ስለ ፍጥነት ከማውራታችን በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ይህን በፈር የምንለየው በምንድን ነው? ያ መለያስ ተመልሶ ከዜሮ የሚጀምረው መቼ ነው? ሁለቱን አጥርቶ መመለስ እስኪችል ድረስ ኮዱን አላጸድቅለትም።