«ሶሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በሰፈራችን በአብነት «ሶሪ» ሳይባል የሚያልፍ ሰዓት ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ የሰው እግር የረገጠ «ሶሪ» ይላል። የተጠየቀው ዕቃ ያለቀበት ባለሱቅ «ሶሪ፣ የለም» ይላል። ስልክ ያልተሰማው «ሶሪ?» ብሎ ያስደግማል። ለቅሶ ቤት ገብተው ሐዘንተኛውን አቅፈው «ሶሪ» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ማታ ደግሞ ይኸው ቃል ወደ ቤታችን ይገባል፤ ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባልዋ ትለዋለች። ለመሆኑ አንድ ትንሽ ቃል ይህን ሁሉ ሸክም መሸከም ይችላልን?

ቃሉ በአገሩም ብዙ ትርጉም አለው። የመጣው በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቁስል» ወይም «ሕመም» ከሚለው ቃል ነው። መነሻው «ውስጤ ቆስሏል» እንደ ማለት ነበር። ዛሬ ግን ሐዘን ለመግለጥ፣ ጥፋትን ለማመን፣ አልሰማሁም ለማለት፣ እንዲሁም በትሕትና እምቢ ለማለት ያገለግላል። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። «ኤክስኪዩዝ ሚ» መንገድ ለማስለቀቅ ይሆናል። «ሪግሬት» ጸጸት ነው። «አፖሎጂ» የሚለው ግን ትኩረቴን የሳበው ነው፤ ምክንያቱም ከግሪኩ የተወሰደ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ ራስን ለመከላከል የሚሰጥ መልስ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ ሲመክረን የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ስለ እምነታችን መልስ መስጠት መልካም ነው። የትዳር አጋራችንን ከበደልን በኋላ ግን ራሳችንን ስንከላከል ብንገኝ «ሶሪ» አልን እንጂ ይቅርታ አልጠየቅንም።

በአማርኛችን ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ቃል አለው። ሕፃን ሲወድቅ «እኔን!» እንላለን፤ ሕመምህ ለእኔ ይሁን ማለት ነው። «እኔን» ያለ ሰው አላጠፋም፤ ታመመለት እንጂ። ሐዘንተኛን «ጌታ ያጽናናችሁ» እንላለን። ያልሰማን እንደሆነ «አቤት?» እንላለን። የበደለ ሰው ግን «ይቅርታ» ይላል። «ይቅር» የሚለው «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ይተው፣ አይቆጠርብኝ ማለት ነው። በአዲስ ኪዳን ግሪክኛም ይቅር ለማለት በብዛት የተጠቀሰው ቃል መተው፣ መልቀቅ የሚል ትርጉም አለው። እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። «ሶሪ» የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ስሜት ነው። «ይቅርታ አድርግልኝ» ግን ልመና ነው፤ ውሳኔውን በተበደለው ሰው እጅ ያስቀምጣል። አባቶቻችን በደሉ የከበደ እንደሆነ ድንጋይ ተሸክመው በሽማግሌዎች ፊት አጎንብሰው ይቅርታ ይለምኑ ነበር። ድንጋይ የተሸከመ ሰው «አንዴ ሶሪ አልኩ እኮ!» ብሎ አይቆጣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ አንድ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ተቀምጠን ነበር። ባል «ሶሪ ብያታለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» አለ። ሚስት ቀና ብላ አየችውና «ለየቱ ነው ሶሪ ያልከኝ?» አለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻም «ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ሳልነግርሽ ለወንድሜ አበደርኩት። ስትጠይቂኝም ባንክ አለ ብዬ ዋሸሁሽ» አላት። እንባዋ ወረደ። የዚያን ማታ «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለችም። «አሁን ገና ሰማሁህ» ብቻ ነው ያለችው። እርሱም ከደመወዙ በየወሩ እየቀነሰ ገንዘቡን ሊተካ ቃል ገባ፤ የባንክ ደብተሩንም በእጅዋ አስቀመጠ። ይቅርታዋ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። በመጣ ጊዜ ግን የእውነት ነበር።

ቅዱስ ቃሉም ይህን ልዩነት በግልጥ ያሳየናል። ንጉሥ ሳኦል በድያለሁ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው ሳሙኤልን የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነው (1ኛ ሳሙ. 15፥24-30)። የጨነቀው ስለ ስሙ ነበር። ዘኬዎስ ግን የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ (ሉቃ. 19፥8)። ሕጉም የበደለ ሰው ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ብቻ ሳይሆን የወሰደውን ከአምስተኛ እጁ ጋር እንዲመልስ ያዝዝ ነበር (ዘኁ. 5፥7)። ጳውሎስ ሁለት ዓይነት ሐዘን እንዳለ ያስተምረናል፤ አንዱ ወደ ንስሐ፣ ሌላው ወደ ሞት ያደርሳል (2ኛ ቆሮ. 7፥10)። ሁለቱም ያስለቅሳሉ፤ የሚለዩት በሚወስዱን መንገድ ነው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሚስቱን እየደበደበ በማግስቱ አበባ ይዞ «ሶሪ» የሚል ባል አለ። እንዲህ ያለችውን እህት «ክርስቲያን ነሽ፣ ይቅር በይና ዝም በይ» ብለን ወደዚያው ቤት መመለስ መንፈሳዊነት አይደለም። በልብዋ ይቅር ማለት ትችላለች። ነገር ግን ሕይወትዋ ከአደጋ መጠበቅ አለበት፤ እርሱም በፍሬው መታየትና በሕግም በቤተ ክርስቲያንም መጠየቅ አለበት። ይቅርታ በደልን መሸፈኛ ጨርቅ አይደለም።

የተበደልንም የራሳችን ድርሻ አለን። ብዙ ጊዜ «ይቅርታ» ስንባል «ምንም አይደለም» እንላለን። ለረገጠን እግር ይበቃል። የቆሰለ ልብ ግን ምንም አይደለም ማለት ውሸት ነው። «ጎድቶኛል፤ ግን ስለ ክርስቶስ ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ይሻላል። እውነቱን አይደብቅም፤ ዕዳውንም ይለቃል። ጌታም በመስቀል ላይ ኃጢአታችንን ተሸከመው እንጂ ቀላል ነው አላለም።

በዚህ ሳምንት በቤታችሁ «ሶሪ» ለማለት አፋችሁን ስትከፍቱ ጥቂት ቆም በሉ። ባለቤታችሁ ታምማ ከሆነ «እኔን» በሉ። በድላችሁ ከሆነ ደግሞ በደሉን በስሙ ጥሩት፤ ምክንያት አትደርድሩ፤ የሚመለስ ነገር ካለ መልሱ፤ ከዚያም «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብላችሁ መልሱን ታገሡ። ልጆቻችሁን በድላችሁ እንደሆነም ከቁመታቸው ዝቅ ብላችሁ ለእነርሱም ይህንኑ በሉ። አብነት ማለት አርአያ ነው፤ ልጆች ይቅርታን የሚማሩት ከሰሙት ስብከት ይልቅ ካዩት አባትና እናት ነው። ጌታ ትዳራችንን ይባርክ።