የኔታ ተከበሩ

ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ፥ እኛ ወደምንኖርበት ወደ ዋራበሌ ሰፈር፥ ባለፈው ዓመት አንድ አጭር መልእክት በእጅ ስልክ ደረሰን። የላከልን የእኅታችን ልጅ ሲሆን፥ የጻፈውም እንደ ዘመኑ ወጣቶች ልማድ በላቲን ፊደል ነበር። እኛም «የኔታ ትናንት ተከበሩ» ብለን አነበብነው። በልጅነታችን ሀሁ ያስቈጠሩን አረጋዊ መምህራችን ሽልማት የተሰጣቸው መስሎን እጅግ ደስ አለን፤ ወዲያውም ለቤተ ሰባቸው «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ገና ከዚህ የበለጠ ክብር ያገኛሉ» ብለን ጻፍን።

እስከ ማታ ድረስ መልስ አልመጣም። በማግሥቱ ልጁ ደውሎ፥ «ጋሼ፥ ምን ማለትዎ ነው? የኔታ እኮ ዐርፈዋል» አለን። ለካስ የተጻፈልን «ተቀበሩ» ኖሯል። አንዳንዱ ወጣት ለቀ ሌላ ምልክት ቢለይለትም፥ ልጁ ቀንም ከንም በአንድ የላቲን ፊደል ስለሚጽፍ፥ መቀበርና መከበር አንድ ሆነው ቀሩ።

ይህ ስሕተት በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በእኛ ላይ መድረሱ ግን አሳፈረን። ዕድሜያችንን የፈጀነው ሰዎች በቋንቋቸው በቤትና በገበያ፥ አሁን ደግሞ በስልክ፥ እንዴት እንደሚገለገሉ በመመርመር ነውና።

የዚህ ዐይነቱ ጥናት በአገራችን አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ቻርልስ ፈርግሰን፥ ሮበርት ኩፐር፥ ማርቪን ቤንደርና ጓደኞቻቸው የኢትዮጵያን ቋንቋዎች አጥንተው፥ ውጤቱን በ1976 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። ኩፐር ገበያተኛው ሲገዛና ሲሸጥ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገር መመርመሩ ለእኛ የሥራ መነሻ ሆኖናል።

ጂቡቲም ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። የ1992 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቷ የመንግሥት ቋንቋ ያደረገው ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን ነው፤ ሕዝቡ ግን በቤቱ የሚናገረው በብዛት ሶማልኛና ዐፋርኛ ነው። አማርኛን ደግሞ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር፥ ኋላም የጭነት መኪና ነጂዎች እስከ ባሕሩ ዳር አምጥተውታል። በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ባለው ገበያ አንዲት ሻጭ በሶማልኛ ሰላምታ ሰጥታ፥ በፈረንሳይኛ ዋጋ ቈጥራ፥ በመጨረሻ «አይቀንስም!» ብላ በአማርኛ ስትዘጋብን፥ ከመግዛት ይልቅ ማስታወሻ መያዝ ጀመርን።

ሶማልኛ በ1972 ዓ.ም. በሶማሊያ በላቲን እንዲጻፍ ሲታወጅ የአጻጻፉ ሥርዐት ተወስኖለታል። አማርኛ በላቲን ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ሕግ አውጪ ነው። ስለዚህ «ይመጣል» እና «ይመታል» አይለዩም፤ እንግዳ የሚጠብቀው ሰው ዱላ ሊያዘጋጅ ነው ማለት ነው!

ፊደላችንም ቢሆን ነቀፌታ አያጣም። የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና፥ «ገና» የሚለው ቃል የልደት በዓል ይሁን ወይስ ያልደረሰ ነገር፥ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ችግር ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዳሩ ግን ፊደሉ ቀን ከከ፥ ጠን ከተ ለይቶ ይጽፋል፤ በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህም ወደ ስልኩ የሚወስደው መንገድ ተከፍቶለታል። ለአለቃ፥ ይልቁንም ለሐዘንተኛ ስትጽፉ በእርሱ ጻፉ።

እኛም ከነጋድ ጣቢያ በአዲሱ ባቡር ተሳፍረን ለልቅሶ ወደ ድሬዳዋ ሄድን። እግራችን እየከበደን ወደ ቤቱ ስንገባ የየኔታ ባለቤት እጃችንን ያዙና፥ «ልጄ፥ ‹ከዚህ የበለጠ ክብር ያገኛሉ› ያልኸውን ለጎረቤት ሁሉ አስነብቤዋለሁ፤ እግዚአብሔር ከአፍህ ይቀበለው» አሉን። መልስ አጣን።

ወደ ጂቡቲ በተመለስን ማታ የእኅታችን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊደላችን ጻፈልን፦ «ጋሼ፥ በሠላም ገቡ?» ሰላምን በንጉሡ ሠ ጽፎታል፤ አላረምነውም።