ጥርስ ለማስተከል ለምትጠይቁኝ ወገኖቼ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የሚተከለው ጥርስ እንዴት ነው? ያዋጣል ወይ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

ለማታውቁኝ፦ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሁለት የላይኛው የፊት ጥርሶቼ የሉም። እንዴት እንደወለቁ ዛሬ አልናገርም፤ ስደት ላይ ጥርሱን የተወ ብዙ ስለሆነ ይገባችኋል። ወላቃ ሆኖ ማስተማር ግን ቀላል አይደለም። «ፎቶሲንተሲስ» ስል «ፎ» ነፋስ ሆና ትወጣለች፣ ክፍሉ ይስቃል።

ቤይሩት ያለችው ታላቅ እህቴ ይህን ሰምታ «እኔ እከፍላለሁ፣ ናይሮቢ ሄደህ አስተክል» አለችኝ። ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። የሁለቱ ጥርስ ዋጋ የእኔን የዓመት ኢንሴንቲቭ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘቧን ከመንካቴ በፊት ጠየቅሁ፣ አነበብሁ።

ኢምፕላንት የሚሉት ከታይታንየም የተሠራች ትንሽ ብሎን ናት። ሐኪሙ የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይተክላታል፤ አጥንቱ በዙሪያዋ አድጎ ይይዛታል። ስዊድናዊው ብሮነማርክ በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ሰው ያከመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። አጥንቱ እስኪይዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ከዚያ ጥርሱ ከላይ ይገጠማል። ጥርሱ ከወለቀ የቆየ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳ አስቀድሞ አጥንት ማስሞላት ሊያስፈልገው ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል።

የእኛ ችግር ጊዜው ላይ ነው። ከካምፕ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እሱም ለተወሰነ ቀን ነው። ብሎኗ ከተተከለች በኋላ ሁለተኛው ወረቀት ቢከለከልስ? ድዱ ቢያመረቅዝ ማን ያየኛል? እኔ እዚህ ያገኘሁት የጥርስ ሕክምና መንቀል ብቻ ነው።

«እታለም፣ ገንዘብሽን ያዢው። ለአሁኑ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይበቃኛል» አልኋት። ልኬት ተወስዶ በጥቂት ቀን ይደርሳል፣ ዋጋው በብዙ ያንሳል፣ ማታ ወልቆ ይታጠባል። አኮረፈችኝ። «ስትስቅ ማየት ነበር የፈለግሁት» አለች። ይህ ጥርስ ከመንቀል በላይ አመመኝ።

ከተማ የምትኖሩና ወረቀታችሁ የተስተካከለ ግን ብታስተክሉ መልካም ነው። ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦ አጥንቴ በራጅ ታይቶ ይበቃል? የነገራችሁኝ ዋጋ የላይኛውን ጥርስ ይጨምራል? ቢከሽፍ ማን ይከፍላል? የኢምፕላንቱን ዓይነትና መጠን በጽሑፍ ተቀበሉ። ነገ ሦስተኛ አገር ብትሄዱ፣ የዚያ ሐኪም መፍቻውን የሚያገኘው በዚያ ወረቀት ነው።

ጥርስ ቅንጦት አይደለም፤ የምንበላበት፣ የምንናገርበት፣ ሥራ የምንጠይቅበት ነው። በሚቀጥለው የጤና ስብሰባ ላይ «መዳን የሚችል ጥርስ ይሞላልን እንጂ አይነቀል» ብለን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። ለሚመለከተው ሁሉ ሼር አድርጉልኝ።